የሰባቱ ድልድይ ጨዋታ

ቦንጋ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዕፀገነት፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ። አስቀድሜ ዋናውን ነገር ልጻፍልሽ፦ ዝማሬን በዚህ ክረምት ወደ እኔ እንዳትልኪያት። በስልክ ስትጠይቂኝ «ላኪያት፣ ጫካውን አሳያታለሁ» ያልኩሽ እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ደስ ያለኝም ከልቤ ነበር። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ፤ ሳትዘልዪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በስልክ በተነጋገርን ማግስት፣ የልጅ ልጄን በምን ላጫውታት እያልኩ ያንቺን ጌም ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ሦስተኛ ክፍል አንደኛ ስትወጪ የገዛሁልሽን፣ ባለ ካሴቱን። ካሴቱን ነቅዬ እንደ ድሮው እፍ አልኩበትና መልሼ ሰካሁት። ያንን ትልቁን ቴሌቪዥን አልጣልኩትም ነበር፤ አቧራውን ጠርጌ ባገናኘው ሠራ። ሙዚቃው ሲጀምር ከጓዳ ሮጠሽ የምትመጪ መሰለኝ።

ጨዋታውን ታስታውሻለሽ። ፋኖስ የያዘ ሰው ጫካ ውስጥ ሰባት ድልድይ ይሻገራል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ከኋላው ትከተለዋለች። ከእያንዳንዱ ድልድይ በፊት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሰውየው ቢሳሳት እሱ ምንም አይሆንም፤ ውሃው የሚወስደው ትንሿን ነው። በወደቀች ቁጥር ታለቅሺ ስለነበር መንገዱን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃልሽ አስያዝኩሽ፦ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሽንኩርት እየላጥሽ እንኳ ትዪው ነበር። እኔ ደግሞ አንቺን ለማሳቅ ዓይኔን ጨፍኜ ሰባቱንም እሻገር ነበር።

አሁን ቅደም ተከተሉን የጻፍኩልሽ ከድሮ ደብተርሽ ጀርባ ገልብጬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አምስተኛው ድልድይ ላይ ጣልኳት። ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል ብዬ ሳቅሁ። ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ያስተማረ ሰው ውጤት ሳይመዘግብ አይቀመጥም። ወረቀት አሰመርኩና በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቁርስ በልቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጫወት ጀመርኩ። መንገዱን ከደብተርሽ ማየት ኩረጃ ነውና አላየሁም። ሰኞ አራተኛው ድልድይ። ረቡዕም አራተኛው። በሳምንቱ ሦስተኛው። ምናልባት ጆይስቲኩ ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ዕፀገነት፣ ይህ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ጥያቄ ያልተቀየረበት ፈተና ነው። የወረደው ተፈታኙ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጫወት ተቀምጬ ወረቀቱን ሳነሣ የማክሰኞን ረድፍ ተሞልቶ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ። ሁለቱም «ሦስተኛ ድልድይ፤ የዛሬ የመጀመሪያ ሙከራ» ይላሉ። ገና ያልከፈትኩትን ቴሌቪዥን ጀርባውን በእጄ ዳሰስኩት። ትኩስ ነበር።

ይህም ቢሆን ጌም ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ቅዳሜ ግን ለዝማሬ ማር ላዝዝላት ማንኪራ ጫካ ሄድኩ። አልጣሽ ዘንድ ነው፤ ያቺ አንቺን አዝላ ወንዙን ታሻግርሽ የነበረችው ተማሪዬ፣ አሁን ንብ ታነባለች። ማሩን አዝዤ ስመለስ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ደረስኩ። ካንቺ መወለድ በፊት ጀምሮ የማውቀው ቦታ ነው። ሁለቱንም መንገድ አየኋቸው። ሁለቱም እኩል እንግዳ ሆኑብኝ። ከዚያ አፌ በራሱ «ግራ፣ ግራ» አለ፤ እግሬም ታዘዘ። ወንዙ ዳር ስደርስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ ነዋ።»

«ቤትዎን ወንዝ ውስጥ ሠሩት እንዴ?» አልጣሽ ነበረች፤ እየሳቀች። «እኔን በካርታ ንባብ ከሃያው አራት ብቻ ሰጥተው የጣሉኝ ሰውዬ!»

«አምስት ነው የሰጠሁሽ።»

«እሱንማ መቼ ይረሱና።» ክርኔን ያዘችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ሳቋን ተወችው። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ቅድምም እዚሁ አግኝቼዎት እስከ መገንጠያው መልሼዎት ነበር እኮ።»

አልተቆጣሁም። ቅድም የሚባለውን ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም።

ልጅሽን በፋሲካ አይቻታለሁ። ስንወጣ ወዴት እንደምንሄድ አትጠይቅም። እጄንም አትይዝም። ዝም ብላ ከኋላዬ ትመጣለች። አሁን ዝናቡ ጀምሯል፤ ወንዙም ሞልቷል።

ስለዚህ ሐምሌ ላይ አንቺ ብቻሽን ነይ። ጅማ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። የውጤት መመዝገቢያውን ለሐኪሙ አሳየዋለሁ፤ ምንም አልሰረዝኩበትም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ መጻፌን ልረሳ እችላለሁ። ከዚያ ደውዬ «ልጅቷን ለምን አልላክሽልኝም?» እልሽ ይሆናል። ድምፄ ጤነኛ ይሆናል፤ እንደ ድሮው እቀልድ ይሆናል፤ እምቢ ብትዪኝ አዝኜ ስልኩን እዘጋብሽ ይሆናል። ያኔ እኔን እንዳታምኚኝ። ይህን የጻፈውን አባትሽን እመኚ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የምታደርሰው አልጣሽ ናት። መንገድ ላይ ደርሼ መልሺልኝ ብላት እንኳ እንዳትሰጠኝ አስምያታለሁ።

ያቆየሁት ሰላምታ ይኸው። ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ዝማሬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አያትሽ መጥቶ ያይሻል፣ የሚያመጣውም እናትሽ ናት በያት።

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው ድልድይ ላይ ነበርን።

አባትሽ ሰብሃት