የልብ ወለዴን ገዳይ ማንም እንዳይለውጥብኝ

ሁሉን በሚያይ አምላክ ፊት፣ ቀጥሎም ከታች ስማቸው በሚጻፍ ሦስት ምስክሮች ፊት፣ ዛሬ እሑድ ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦክቶበር 19 ቀን 2025፣ እኔ ዓለምጌጥ ተሻገር፣ ዕድሜዬ ኀምሳ ሁለት፣ ነዋሪነቴ ዳላስ ቪከሪ ሜዶ፣ አእምሮዬ የተሟላ፣ አንደበቴም እንደምትሰሙት ያልደከመ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ አስጽፋለሁ። የታመመው ልቤ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ደረቴን ከፍተው አንዱን የልቤን በር ሊቀይሩልኝ ቀጥረውኛል። ሐኪሙ «ሩቲን ነው» ብሎኛል። ለእሱ ሩቲን ነው፤ የሚከፈተው ግን የእኔ ደረት ነው። ቢሆንም እውነቱን ልናገርና ዛሬ ደስ ብሎኛል። ኑዛዜ የሚያስጽፍን ሰው ማቋረጥ ነውር ስለሆነ፣ ወንድሜ ባለበት ቤት አፌን ሞልቼ የምናገርበት ቀን በስንት ዘመኔ አገኘሁ።

ጸሐፊዋ ጎረቤቴ ሰርካዲስ ናት፤ ጽሕፈቷ ይነበባል። ያልሁትን ሁሉ እንድትጽፍ፣ ነውሩን ረስቶ የሚያቋርጠኝ ቢኖርም ያቋረጠበትን ቃል ጭምር እንድታሰፍር አዝዣታለሁ። ምስክሮቼ እሷው ራሷ፣ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው ሹፌር ፍሬ፣ እንዲሁም ከሌዊስቪል ሙሉ ሱፍ ለብሶ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ጉግሳ ናቸው። ወረቀቱ በሞላ ቁጥር ሦስቱም ከግርጌው ይፈርማሉ።

ለልጄ ለልዩ መኪናዬን፣ የአንገት ወርቄን፣ የቤቱንም ዕቃ ሁሉ አውርሻለሁ። ልዩ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ፊደሉ ግን ገና አልገባላትም። ትናንት ስለ መጽሐፌ ሳነሣባት፣ «ማሚ፣ ለእኔ አትስጪኝ፣ እኔ አበላሸዋለሁ» አለችኝ። ከቤተሰባችን የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ለቀድሞ ባለቤቴ፣ «ለልብሽ ይጠቅምሻል» ብሎ የገዛውን፣ ከዚያም እስኪሄድ ድረስ ሸሚዙን ሲሰቅልበት የኖረውን የመሮጫ ማሽን ትቼለታለሁ። ሸሚዞቹን ለቅሞ ሲወጣ ማሽኑን ረስቶታል። መጥቶ ይውሰድ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ማንም እንዳያግዘው።

የሰው ዕዳ የለብኝም። ያልከፈልሁት ነገር ቢኖር የልብ ወለዴ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው፤ ዛሬ ያሰባሰባችሁም እሱ ነው።

ጻፊ ሰርካዲስ፤ አቶ ጉግሳ ተነሥቶ ከረባቱን አስተካከለ።

ይህችን የመጀመሪያዋን ወረቀት ፈርሙልኝ። ጉግሳ ከሁለቱ ቀድሞ እስክሪብቶ አነሣ፤ ስሙ ከላይ እንዲሆን ይወዳል። ፈረመ። ተመስገን።

አሁን ወደ መጽሐፌ። «የሐር መጋዘኑ ሬሳ» ይባላል። ታሪኩ የሚሆነው በቁስጥንጥንያ ነው፤ ከሺህ ዓመት በፊት፣ የቢዛንታይን ነገሥታት ሐምራዊ ሐር ከቤተ መንግሥት ውጭ እንዳይሸጥ በከለከሉበት ዘመን። ብዙ አዋቂ «ስለ አገርሽ አትጽፊም? ሮምና ግሪክ ምን አገባሽ?» ብሎኛል። ምን ያገባኛል! ስንክሳር ሲነበብ የሰማሁት ከተማ ነው። ዳላስ የምትባል አገር መኖሯን ሳላውቅ ቁስጥንጥንያን አውቅ ነበር። እነዚህ አዋቂዎች ግን መጽሐፍ የሚያውቁት ለምረቃው ተጠርተው፣ በልተው ሲመለሱ ነው።

መጽሐፉን የጀመርሁት ግሬፕቫይን ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ሳጥፍ ነው። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንድ ሰው ከወዲያ ጫፍ መያዝ አለበት። ከወዲያ ጫፍ የምትይዝልኝ ነጃት ነበረች፣ የወሎዋ። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ጫፍና ጫፉን ልታገናኝ ወደ እኔ ስትመጣ «ከዚያስ?» ትለኛለች። ለእሷ «ከዚያስ» መልስ ስፈልግ ነው መጽሐፍ የሆነው። ኋላ በስልኬ ምዕራፍ ምዕራፉን በድምፅ እየቀዳሁ ፍሬ በከፈተው ግሩፕ ላክሁት። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ይሰሙኛል። ፍሬ እዚህ አለ፤ ይመስክር።

«እትዬ ዓለም፣ ተራው ደርሶ ‹ምዕራፉን ልጨርስ፣ አንተ እለፍ› የሚል ሹፌር አይቻለሁ» አለ ፍሬ።

ተጽፎልኛል? ጥሩ። ደግመሽ አንብቢልኝ። ... ጥሩ።

ሟቹ የንጉሡን ሐር የሚጠብቀው ንቄፎር ነው። ታሞ ተኝቶ ሳለ ጠዋት ተመርዞ ይገኛል። ማታ ሊጠይቀው መጥቶ ቴምር ያበላው የደማስቆው ነጋዴ ኡበይዳ ነውና እሱን ያስሩታል። ነገሩን የምትመረምረው ኢሬኔ የምትባል ሻማ ሻጭ መበለት ናት። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀር ታመምሁና ቆምሁ። ግሩፑም ፍርድ ቤት ሆነና ፈረደ፤ ሰማንያ ሹፌር፣ አንድም ምዕራፍ በቅጡ ያልሰማው ጭምር፣ «ኡበይዳ ነው፣ ዓረቡ ነው፣ ግልጽ ነው» አለ። ቀይ መብራት የሚጥስ ሰው ሁሉ ዳኛ!

ከዚያ ወንድሜ መጣ። የደብራችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ማስተርስ አለው፤ አለው ስላችሁ ሳሎኑ ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል። ልብ ወለድ አልሰማም ይላል። ግን ሳይሰማ እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ ጥርጣሬዬ ንቄፎርን ወደሚያስታምመው ወደ ሊቀ ዲያቆን ባሲሊዮስ ማዘንበሉን አውቋል። እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያለኝን ቃል በቃል እናገራለሁ፦ «ዓለም፣ ዲያቆን ገዳይ አድርገሽ ሕዝብ ፊት አታዋርጂን። ዓረቡን አድርጊው። ማንም አይከፋም።»

ማንም!

በዚያው ሳምንት ነጃት መልእክት ላከችልኝ። የሰው ነገር አታካብድም፤ ሁለት መስመር ነው። «እህቴ፣ ገዳዩ ኡበይዳ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ። አልቀየምሽም፤ ዝም ብዬ ያንን ቀን አልከፍተውም።» እኔም ምሥጢሬን ላለማውጣት «ታገሺ» ብቻ አልኋት። ከወዲያ ጫፍ የያዘችልኝ ሴት የራሷን መጽሐፍ መስማት ፈርታ ተቀምጣለች። ጉግሳ «ማንም» የሚላት እሷን ነው።

«ይሄ ኑዛዜ ነው ወይስ ስድብ?» አለ ጉግሳ።

ጻፊው። ሁለቱም ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ በየእምነታችሁ ምላችኋል። የንቄፎር ገዳይ ሊቀ ዲያቆን ባሲሊዮስ ነው። የተከለከለውን ሐር በጓሮ ያስወጣ ነበር፤ ንቄፎር ደረሰበት። ለመርማሪዎቹ ሁለት ነገር ተናግሯል፤ ሁለቱንም ሁላችሁም በሦስተኛው ምዕራፍ ሰምታችሁ አልፋችኋል። አንደኛ፣ «ሊነጋ ሲል መድኃኒቱን በወይን በጥብጬ፣ ራሴ ቀድሜ ቀምሼ ሰጠሁት፤ መርዝ ቢኖረው እኔም በሞትሁ» አለ። ሁለተኛ፣ «ከዚያ በቀጥታ ገብቼ ቀደስሁ፤ ሕዝቡ አይቶኛል» አለ። ሕዝቡ በእርግጥ አይቶታል። እንግዲህ የቀመሰ አይቀድስም። የቀደሰ ደግሞ አልቀመሰም። ጠብታ ውሃ እንኳ ከቅዳሴ እንደሚያስቀር የኮሚቴ ሊቀ መንበር አጥቶት፣ ዓረቡን ስቀሉልኝ ይላል!

ፍሬ ግንባሩን መታ፤ ጻፊው። ጉግሳ ግን፦

«ቀምሶ ቢቀድስስ? ኃጢአት ይሆናል እንጂ ግድያ አይሆንም» አለ።

አየሽ ሰርካዲስ? አልሰማም የሚለው ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚከራከር! ኢሬኔም በፓትርያርኩ ፊት ባሲሊዮስን ይህንኑ ትጠይቀዋለች። «ቀምሰህ ቀደስህ ወይስ ሳትቀምስ ሰጠኸው? አንዱን ምረጥ፤ የድቁና ልብስህን ወይም አንገትህን» ትለዋለች። ሰውየው ልብሱን በጣም ይወድ ስለነበር ቶሎ መምረጥ አቃተው። ሲያመነታ ሁሉም አየው። ገዳይን የምይዘው እንዲህ ነው፤ በራሱ ልብስ።

ስለዚህ ይህን አዝዣለሁ። «የሐር መጋዘኑ ሬሳ» ከነሙሉ መብቱ የነጃት ነው። ብሞት የመጨረሻውን ምዕራፍ እሷ በድምፅዋ ታነባለች፤ ኡበይዳ ምን እንደሚሆንም ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ለእናንተ አልነግራችሁም። ብድን እኔው አነባለሁ። ገዳዩን ለመቀየር፣ ዲያቆኑን ወደ ቀራጭ ወይም ወደ ወታደር ለማዛወር፣ «ላርመው» ብሎ ለመንካት የሞከረ ማንኛውም ሰው ርግማኔ አይድረስበት፤ ርግማን ክብር ነው። ፍሬ ከግሩፑ ያስወጣው፤ መጨረሻውንም ሳያውቅ ይኑር።

ጉግሳ ወንድሜ «ልዩ ፊደል ስለማታውቅ መጽሐፉን እኔ ልረከብ» ብሎኝ ነበር። አንድ ነገር አልጠየቅህም። ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከኑዛዜው ምንም አይወርስም፤ አገር ቤትም፣ እዚህም። ፍሬና ሰርካዲስ ይህን አውቀው፣ ማንኪያ እንኳ እንደማያገኙ ተነግሯቸው ነው የፈረሙት። አንተ ስምህ ከላይ ይሁን ብለህ ተሽቀዳደምህ። ደግሞም ኋላ «እህቴ ታማ፣ አእምሮዋ ተናውጦ ነው» እንዳትል፣ አእምሮዋ የተሟላ ነው የሚለው ወረቀት ግርጌ ያለው የመጀመሪያው ፊርማ የአንተ ነው።

«ለካስ ለዚህ ነው ሱፍ ልበስና ና ያልሽኝ?» አለ።

ሱፉን ያመጣኸው አንተ ነህ። እኔ ና ብቻ ነው ያልሁት።

ሰርካዲስ ስቃለች፤ ራሷን ትጻፍ።

ምክሬን እነሆ። ልዩ፣ ፊደል ቁጠሪ፤ ነጃት ታስተምርሽ። ፍሬ፣ ሰው መስማት ትችላለህ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግሩፑን አታባክነው። ለጉግሳ የሰጠሁትን ምክር ሁሉ ሲጥለው ስለኖረ የቀረ የለኝም።

ያልሁት ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሰርካዲስ ቃል ይሁን፤ እኔ ደክሞኛል፣ ደስ እንዳለኝ ልረፍ።

እኔ ሰርካዲስ የተባልሁትን ጽፌ፣ መልሼ አንብቤላታለሁ፤ «ልክ ነው፣ አንዲት ቃል አታንሽ» ብላ በእጇ ፈርማለች። እኔና አቶ ፍሬ የመጨረሻውን ወረቀት ፈረምን። አቶ ጉግሳ ግን እስክሪብቶውን ይዘው ቆዩ። «የሁለታችሁ ይበቃል አይደል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይበቃል አልኋቸው። ወደ በሩ ሄዱ። እጀታውን ይዘው፦

«ኡበይዳ ግን ይፈታል?» አሉ።

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ነጃት ስታነብ ትሰማዋለህ። ካልፈረምህ ግን ከግሩፑ ወጥተሃል» አለች።

ተመልሰው መጡና ፈረሙ። የፈረሙት ቁመው ስለሆነ ከእኛ በታች ነው።

«ከነጃት አልሰማውም» አሉ የእስክሪብቶውን ቆብ ሲከድኑ። «ከአንቺ አፍ ነው የምሰማው። ሐሙስ እመጣለሁ።»

«ሐሙስ ሱፍ እንዳትለብስ» አለች። «ሆስፒታል ነው።»

ተናዛዥ፦ ዓለምጌጥ ተሻገር (ፊርማ)
ጸሐፊና ምስክር፦ ሰርካዲስ (ፊርማ)
ምስክር፦ ፍሬ (ፊርማ)
ምስክር፦ ጉግሳ ተሻገር (ፊርማ)