አንደኛው ቡድን ሲጠራ

ውድ ኮሪን፣

ዛሬ ጠዋት ያንቺን ፀጉር አደረጉልኝ።

ከቀበርንሽ ገና ሦስት ሳምንት ነው። ኤድና ሰው ሠራሽ ፀጉሩን ራሴ ላይ ስታጠልቅ የፀጉር መያዣው ቆዳዬን ወጋኝ። ስንት ዓመት ያንቺን ፀጉር ስትሠራ እንዲህ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም። "ይቅርታ የኔ ልጅ" አለችኝና መስተዋቱን በጀርባዋ ከለለችው። "አሁን አትዪ። ቀሚሱን ስትለብሺ ታዪዋለሽ።" ለበስኩት። የትም ሳይጠብ፣ የትም ሳይሰፋ ልክ ሆነኝ። ኮሪን፣ እምቢ ቢለኝ ምን ነበረበት? እስኪያስተካክሉት ድረስ ቢያንስ የማስብበት ጊዜ አገኝ ነበር።

የስቱዲዮው አለቃ ሚስተር ቴት ምን እንዳሰበ ልንገርሽ። ብትሰሚ ወይ ትስቂ ነበር ወይ ጫማሽን አውልቀሽ ትወረውሪበት ነበር። ከሠርጓ ጠፍታ በሙሽራው ቤት ወጥ ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ሙሽራ የጀመርሽው ፊልም አላለቀም፤ መጨረሻው ይቀራል። ከደረጃው ወርዳ፣ የአትክልቱን በር ከፍታ የምትወጣበት። ያቺን ሙሽራ እኔ ልሆን ነው፤ ከኋላ ብቻ። ድምፅሽን የምታስመስል ሴትም ከሬዲዮ ጣቢያ አግኝተዋል።

"ፊት አያስፈልገንም" አለኝ ሚስተር ቴት። "ሕዝቡ የሚመጣው ለመጨረሻ ጊዜ ሊያያት ነው። ጀርባም ቢሆን ያያል።"

ገባሽ? ዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የሚያይሽ በእኔ ጀርባ ሊሆን ነው።

ካሜራ ፊት የመጨረሻሽን እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚያው ነበርኩ። ግንቦት ውስጥ፣ የፊልሙ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሊጡ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ የዳይሬክተሩ ጫማ ላይ ያረፈ ጊዜ። ቃልሽ ሁሉ ጠፍቶሽ ሳቅሽ። ቆቡ ከራስሽ ወደቀ፣ ዱቄት አፍንጫሽ ላይ ነበር፣ ዳይሬክተሩ እንኳ "ቁረጡ" ማለቱን ረስቶ ሆዱን ይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ታመምሽ። እነሱም ሰነፍ ናት፣ አርፋጅ ናት ብለው ጋዜጣ ላይ አውጥተው አባረሩሽ። ያ ሳቅ ግን ያንቺ ነው። በእኔ ትከሻ እንዲከደን አልፈልግም።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ትያትር ተምሬ፣ የምትናገሪበት ሚና ይሰጥሻል ተብዬ ፈረምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ካሜራ ፊቴን አላየውም። ቁመቴ ቁመትሽ ስለሆነ፣ ፓውዛው እስኪስተካከል ባንቺ ቦታ መቆም ሆነ ሥራዬ። የመጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስልሽ፣ "አያትሽ መሰልኩሽ እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ ወዲህ ስንተላለፍ፣ እኔ ከፓውዛው ስወጣ አንቺ ስትገቢ፣ እጄን ያዝ አድርገሽ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ጣል ታደርጊብኝ ነበር። "ቴት ዛሬም ያንን ክራቫት አስሯል፤ ሚስቱ ምን በድሏት ነው?" እኔ ሳቄን ስታገል አንቺ ትሠሪያለሽ። እጅሽ ግን ሁልጊዜ በረዶ ነበር። ለምን እንደሚቀዘቅዝ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም። ዛሬ ገባኝ፤ ከፍርሃት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሚስተር ቴት ቢሮው አስጠርቶኝ፣ "እምቢ ብልስ?" አልኩት።

"ውልሽ አራት ዓመት ይቀረዋል። አራት ዓመት ቤትሽ ትቀመጫለሽ። ሌላ ስቱዲዮ ደጁንም አያሳይሽም። ከሠራሽልኝ ግን በሚቀጥለው ፊልም ትናገሪያለሽ። ፊትሽም ይታያል።"

እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ። እሱ ግን እሺ እንዳልኩ ቆጥሮ ቀኑን ቆረጠ።

ዛሬ ቀረጻው አዳራሽ ውስጥ ስገባ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። የመብራት ሠራተኞቹ ሽቦ ሽቦ ያያሉ። አንዱ ሲያማትብ አይቼዋለሁ። ደረጃውን ስወጣ የግራ እግሬ ትንሽ ወደኋላ ይጎተት ጀመር፤ ያንቺው አረማመድ። እኔ አላዘዝኩትም። እዚያ ነው የፈራሁት፣ ኮሪን። የገዛ ጀርባዬን ፈራሁት። እኔ አላየውም፤ እነሱ ግን ያዩታል፤ የሚያዩት ደግሞ አንቺን ነው። ዞር ብል ፊቴ በቦታው ባይኖርስ አልኩ። የተማረች ሴት እንዲህ አታስብም ትይኝ ይሆናል። አሰብኩ።

"ሁለተኛው ቡድን!" ብሎ ሙኒ ተጣራ። ያው የኛ ረዳት ዳይሬክተር፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው። ሁለተኛው ቡድን እኛ ነን፤ በሌላ ሰው ቦታ የምንቆመው። አንደኛው እናንተ ናችሁ፣ ዋናዎቹ ተዋንያን። ደረጃው አናት ላይ፣ የመቆሚያሽ ምልክት የሆነው ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ቆምኩ። ፓውዛዎቹ አንድ በአንድ በሩብኝ። እንደዚያ እየጋሉ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። መብራቱ ተስተካከለ። ሙኒም ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

"አንደኛው ቡድን!"

ልማድ ነው። ምንም አላሰበበትም። እኔም አላሰብኩም፤ እግሬ ራሱ ከፕላስተሩ ላይ ወርዶ ወደ ቀኝ ገለል አለ። ላንቺ ቦታ መልቀቁ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ደግሞ አንቺ ወደምትገቢበት በር ዞረ።

በሩ እንደተዘጋ ነበር።

ለምን ያህል ጊዜ እንዳየነው አላውቅም። ሙኒ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

"ወደ ቦታሽ ተመለሺ" አለኝ ዳይሬክተሩ፣ በቀስታ።

ፕላስተሩን አየሁት። ብረግጠው ተመልሼ እንደማልወጣ ታወቀኝ። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው፦

"ተጠርታለች እኮ። እስክትመጣ እንጠብቃት።"

"ማን? ማን እስክትመጣ?" ሚስተር ቴት ከካሜራው ኋላ ብድግ አለ። "ይቺ ልጅ አብዳለች እንዴ?"

ሙኒ ወንበር ጎትቶ ተቀመጠ። ኤድና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያ ያማተበው የመብራት ሠራተኛ አንዱን ፓውዛ አጠፋና፣ "አምፖሉ እንዳይቃጠል ነው ጌታዬ። ሴትየዋ መቼም ስታረፍድ አይጣል ነው" አለ።

ሳቁብሽ ኮሪን። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ የሚያለቅሱትም ጭምር። እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቅንሽ። ካሜራው አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።

ከዚያ ሚስተር ቴት አጠገቤ መጥቶ ቆመ። "ከነገ ጀምሮ በዚህ ከተማ ማንም አያውቅሽም።"

"እስከ ዛሬስ ማን ያውቀኝ ነበር?"

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ፈገግ አለ። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ነው። "ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነይ። ሙኒ አይኖርም፤ ፀጉር ሠሪዋም አትኖርም፤ ሁለቱንም አሰናብቻለሁ። አንቺ ብትቀሪም አልቸገርም። እንዳንቺ ያለ ጀርባ በየቀኑ በአውቶቡስ እየተጫነ ይመጣል።"

እውነቱን ነው። በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ እኔም በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። ኤድና በእኔ ምክንያት ሥራዋን አጣች። ደውዬላት "ልብሴን እያጠብኩ ነው፣ ተይኝ" ብላ ዘጋችብኝ። ተቆጥታ ይሁን አዝና አላወቅኩም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። መኪና ከደጄ ሲቆም መጋረጃውን መግለጥ እፈራለሁ።

ሰኞ ግን እሄዳለሁ። ቀሚሱን ልለብስ አይደለም። ስቱዲዮው በር ላይ እቆማለሁ፤ በእኔ ፋንታ የቀጠሯት ልጅ ስትመጣ አስቆማታለሁ። በማን ቦታ ሊያቆሟት እንደሆነ፣ ምን ብለው ቃል እንደሚገቡላት፣ ያ ቃል እኔን የት እንዳደረሰኝ እነግራታለሁ። ሰምታኝ ልትመለስ ትችላለች። ገፍትራኝም ልትገባ ትችላለች፤ የቤት ኪራይ ይኖርባታል፣ እናቷ ደብዳቤ ይጠብቁ ይሆናል። ቁመቷ ቁመታችን ይሆናል። ወደ እኔ ስትራመድ ገና ከሩቅ ሳያት ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እሱን እያሰብኩ ዛሬ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ደህና ሁኚ ኮሪን። ሦስት ዓመት ባንቺ ቦታ ቆሜያለሁ። ሰኞ አንድ ጊዜ መጥተሽ አጠገቤ ቁሚልኝ።

ዶሮቲያ