የበየድኩብህ ትራምፔት

ውድ አባዬ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ምን ይሠራለታል? እኔም ሌላው ሲጽፍ ባይ እንዲሁ እል ነበር። ያ የሀይዌይ አደጋ ከወሰደህ ሰባት ወር ሆነ፤ ዛሬ ግን ሳልጽፍልህ ማደር አልቻልኩም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ የግራንድ ፕሬሪውን አፓርትመንት አልለቅም ብላለች፤ አንተ ፓርክ የምታደርግበት ላይ ሌላ ሰው ሲቆም ወርዳ ታስነሳዋለች። እኔ ሪዙሜ እየበተንኩ ነው፤ ቀበቶዬ ላይ ያለው የመልእክት መቀበያ ፔጀሬ በጮኸ ቁጥር ሥራ የተገኘ እየመሰለኝ እዘላለሁ።

ሶ፣ ትናንት ያንን ረጅሙን የድሮ የእንግሊዝ ትራምፔትህን ይዤ ፎርት ዎርዝ ሄድኩ። ለመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ስለነበር እንዲወለወል ብዬ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ሽማግሌ አገላብጦ አየውና “ይህን ማን ነው የበየደው?” አለኝ። እኔ ነኝ ስለው መነጽሩን አወለቀ።

ትዝ ይልሃል አይደል? በኢንጂነሪንግ የተመረቅሁ ሰሞን፣ አገጭህ ሥር ያለው ቱቦ ወዲያ ወዲህ ሲል ተበላሽቷል ብዬ፣ አንተ ሥራ በሄድክበት ሰርፕራይዝ ላደርግህ በየድኩት። ለካ የተሠራው እንዲንቀሳቀስ ነው፤ ትናንት ሽማግሌው ነገረኝ። ይኼ ትራምፔት እንደ ዛሬዎቹ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ የለውም። ቱቦውን በሁለት ጣት ወደ ራስህ ስትስበው ይረዝማል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስትለቀው ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይመልሰዋል። የጎደሉት ድምፆች የሚገኙት በዚያ ብቻ ነው። እንግሊዞቹ ለኦርኬስትራ ብለው ስንት የተጨነቁበትን እኔ በግማሽ ሰዓት ደፈንኩት።

ከሥራ ስትመለስ ጣትህን ከኋላው አስገብተህ ሞከርክ፤ እምቢ አለህ። ቀና ብለህ አየኸኝና “ጎበዝ፣ አሁን አይንኳኳም” አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ቤድፎርድ ቸርች ቱቦው ሳይሳብ የሚነፋውን የመዝሙሩን መክፈቻ ብቻ ነፍተህ ትቀመጥ ነበር። ምነው ሲሉህ ትንፋሼ አጠረ ትላለህ። እማዬ ዝንጅብል ስታፈላልህ ከረመች። እኔ ራሴ ዶክተር ጋ ወሰድኩህ! ሳንባው የጎረምሳ ነው ሲለን አንተ ጣራ ጣራውን ታይ ነበር። ያ ሁሉ እኔን ላለማሳፈር ነበር?

ሽማግሌው ብየዳው ይላቀቃል፣ ግን ናሱ አሮጌ ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ለግድግዳ ከሆነ ተወው አለኝ። አልተውም። ቅዳሜ እንከፍተዋለን። ቢሰነጠቅም ከነስንጥቁ መንፋት እማርበታለሁ። መክፈቻውን አልፌ ወደ መዝሙሩ መሐል በገባሁ ቁጥር አንተን አስታውሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አባዬ። በሕልሜም ቢሆን ናና ተቆጣኝ። አንዴ እንኳ።