ለኑሪ የቀነስኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የቤት ዕቃ ሱቁን በሦስት ሰዓት ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ከኦሎምፒያ የምትመጣው የድሮ ደንበኛ መጀመሪያ አላወቀችኝም። "ኢኽላስ? በጣም አምሮብሻል፤ ምን አድርገሽ ነው?" ሳቅኩላት። ምን ልበላት... ለወንድሜ ለኑሪ ኩላሊት ልሰጥ ነበር የቀነስኩት፣ ሳልደርስለት ሞተ ልበላት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ስታጠብ ላለማየት እሞክራለሁ። የሆዴ ቆዳ ወርዶ ጭኔ ላይ ይተኛል። ክንዴን ሳነሳ ይወዛወዛል። በሠላሳ አንድ ዓመቴ። ወፍራም ሳለሁ እንኳ ገላዬን እንዲህ አልጠላሁትም። ከእጥፋቱ ስር ደግሞ ተልጧል። ፓውደር ነሰነስኩበት። በጨርቅ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ ከላይ ሰፊ አባያ። ማንም አያይም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ልጆቹን ለማየት ኑሪ ቤት ሄድኩ። ሰብሪና በሩን ከፈተችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ካረፈ አራት ወሩ፣ ሚስቱ እስካሁን ዓይኔን አታይም። ለቅሶው ላይ ለሴቶቹ ያለችው... "ብትፈልግ ኖሮ ትደርስለት ነበር። ሆዷን ስለምትወድ ነው።" ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። አልመለስኩላትም። አሥራ አራት ወር ሙሉ ቀነስኩ፣ ከመቶ ስምንት ኪሎ ተነስቼ። የኑሪ ሐኪም "ከሰባ አምስት በታች ስትሆኚ ነይ" ብሎኝ ነበር። ቢሆንም... አብዝቼ የበላሁባቸው ቀናት ነበሩ። ባልበላ ኖሮስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። ደንበኛ ሲጠጋኝ ወደ ኋላ እላለሁ። ሰንጋ ተራ ሐኪም ጋ ሄድኩ። "ትርፉ ቆዳ በኦፕራሲዮን ይወጣል፤ መጀመሪያ ግን ቁስሉ ይዳን። ማሰር ይቅር። ጠዋት ማታ የሚያጥብልሽ ሰው አለ?"
አለ አልኳት። ማን አለኝና...

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ወደቅኩ። ትኩሳት። ሱቁ የኑሪ ስለነበር ጎረቤታችን ጃዋር የሚያውቀው የሰብሪናን ስልክ ብቻ ነው፤ ደወለላት። ቤቷ ወሰደችኝ። ልብሴን ልታወልቅ ስትል እጇን ያዝኳት፤ አቅም ግን አልነበረኝም። ጨርቁን ፈታችው። ቆዳው ተዘረገፈ። ዝቅ ብላ አየችው።
"ስንት ኪሎ ነበር የቀረሽ?"
"ያኔ? አራት።"
መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ሰብሪና ቁስሉን ጠዋትም ማታም አጠበችልኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26
እስካሁን እሷ ቤት ነኝ። ትኩሳቱ ለቆኛል። ዛሬ ጠዋት ቁስሉን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፦
"እኔንም ኩላሊት ለመስጠት ለምርመራ ጠርተውኝ ነበር።"
"መቼ?"
"አንቺን ቀንሺ ባሉሽ ሰሞን። አልሄድኩም። ለኑሪ ግን አይሆንም አሉኝ አልኩት። ማለቴ... ልጆቹ... አይ፣ ፈርቼ ነው በቃ።"
"አወቀ?"
"አላወቀም።"
መጮህ ነበረብኝ። ያንን ሁሉ ወር እያንዳንዷን ጉርሻዬን ስትቆጥርብኝ... ልጆቹ ማዶ ክፍል ይስቃሉ።
ይቅር አላልኳትም። ፊቴንም አላዞርኩም። "ከታች በኩል ቀርቶሻል" አልኳትና ቆዳውን በገዛ እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።