ድምፄ ሥራ ላይ፣ እኔ ደጅ ጥናት ላይ

ለተከበሩ የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ የወንበርዎ መደገፊያ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። ድምፄም በየቀኑ እንደሚሰሙት እጅግ ደኅና ነው፤ እንዲያውም ከሁለታችን እርሱ ሳይሻል አይቀርም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በአውቶቡስ መናኸሪያው በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ስናገር፣ የጠፋ ሻንጣ ሳፈላልግ፣ ለዘገየ አውቶቡስ ይቅርታ ስጠይቅ ወጣትነቴን የጨረስኩ ሴት ነኝ። አንድ ቀን የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተሸፈነች ጠባብ ክፍል አስገብተው፣ ጉንፋን ሲይዝሽ የሚተካሽ ነገር እናዘጋጅ ብለው፣ ከአንድ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያለውን ቁጥር፣ የየመስመሩን ስም፣ ይቅርታና መልካም ጉዞ የሚሉትን ቃላት በየዓይነቱ አስነበቡኝ። እኔም ሞኟ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ረስቼ፣ ይቅርታዬን በደለኛ እንኳ በማይችለው ትሕትና አሳምሬ አነበብኩ። ብዙም ሳይቆይ የስንብት ግብዣ ተደረገልኝ። ሥራ አስኪያጁ አበባ ይዘው ተነሥተው፣ ድምፅሽ ሁልጊዜም ከእኛ ጋር ይኖራል ሲሉ ነገሩ የስንብት ወግ መስሎኝ አለቀስኩ። ለካ እውነታቸውን ኖሯል።

አሁን ሆስፒታሉ በእንግዳ መቀበያው ሕሙማንን በስማቸው የሚጠራ ሰው ይፈልጋል። ማመልከቻ የሚቀበለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው፤ ለማመልከት ደግሞ ሥራ የሌለኝ መሆኑን የሚገልጽ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እኔም ከክቡርነትዎ የምለምነው ይህችኑ ቁራጭ ወረቀት ነው። እስካሁን ያላገኘሁበትን ምክንያት ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመስኮት ቁጥር ሁለት የሚቀመጡት፣ ባለጉዳዩ ሁሉ “ነገ ይመለሱ” ብሎ ስም ያወጣላቸው ሠራተኛዎ ስላደረጉልኝ አቀባበል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ ፊታቸው በራ። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ እንደሚመጡ፣ ድምፄንም በየቀኑ እንደሚሰሙ፣ ዛሬ እንኳ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በመዘግየቱ ይቅርታ የጠየቅኋቸው እኔው ራሴ እንደሆንኩ፣ እርሳቸውም ከልባቸው ይቅር እንዳሉኝ ነገሩኝ። ቀጥለውም ሥራ ላይ እያሉ ሥራ የለኝም ማለት በሕግ እንደሚያስጠይቅ በአባትነት መከሩኝ። የሚሰሙት የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ብነግራቸው፣ ታዲያ የማን ድምፅ ነው ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ነው አልኩ። እንግዲያው ምኑ ላይ ነው ያልተስማማነው አሉና መስኮታቸውን ዘጉ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

፪. ድምፄ ከሥራ መሰናበቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመናኸሪያው እንዳመጣ ታዘዝኩና ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሐሰት የማይወዱ ሰው በመሆናቸው፣ እኔ መሰናበቴን እንጂ ድምፄ መሰናበቱን ሊጽፉ እንደማይችሉ፣ ድምፄ እንዲያውም በጠባዩም በትጋቱም የተመሰገነ መሆኑን በማኅተም አረጋግጠው ሰጡኝ። መሥሪያ ቤትዎም ነገሩን በቸልታ አላለፈውም፤ ተቆጣጣሪ ላከ። እኚህ ተቆጣጣሪ፣ እግራቸውን ይባርክና፣ ቀኑን ሙሉ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆመው ውለው፣ ሠራተኛዋ ለምሳ እንዳልወጣች፣ ሽንት ቤት እንኳ እንዳልሄደች፣ ከተሳፋሪ ጋር አንድም ጊዜ እንዳልተጨቃጨቀች መዝግበው ተመለሱ። በዚህም መሠረት ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት ነገር በአንድ ፖስታ ደረሰኝ፤ አንደኛው ጥያቄዬ ውድቅ መደረጉን የሚገልጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው የአርአያ ሠራተኛነት የምስክር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀቱን አማቴ ከሠርጌ ፎቶ ጎን ሰቅለውታል፤ ከፎቶው ይልቅ እርሱ ያምራል ይላሉ።

፫. እዚህ ላይ ስለ ኑሮዬ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ተቆጣጣሪዎ ሰፈሬ ድረስ ደክመው መጥተው ነበርና። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ሻይ እስከ ብርጭቆው ቂጥ ድረስ በትኩሱ መጠጣት እንደሚቻል ደርሼበታለሁ፤ ቀድሞ ሁለተኛው ፉት ላይ ሁልጊዜ አንድ አውቶቡስ ይነሣብኝ ነበር። የልጄን ፀጉር ሳልቸኩል እሠራለሁ። ጋዜጣ ሳገኝ ክፍት የሥራ ቦታዎቹን አንብቤ ስጨርስ ወደ ሐዘን መግለጫዎቹ እዞራለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና የነገው ክፍት ቦታ ያለው እዚያ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ በረንዳችን ላይ ስትደርስ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋም የምትተረትረውን ቀሚስ ይዛ ትመጣና፣ እርሷ ክሩን፣ እኔ የሰፈሩን ወሬ ስንፈታ እንቆያለን። ባለፈው የዳቦ መደብር ለሻጭነት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ፣ ገና እንደምን አደራችሁ ስል ሦስቱም ጠያቂዎች ብድግ ብለው ሻንጣቸውን መፈለጋቸውን የነገርኳት ዕለት፣ መርፌ በአፏ ይዛ ስለሳቀች ከሞት ለጥቂት ነው የተረፈችው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ፣ ክቡርነትዎ፣ እያለቀስኩም እየላስኩም ነኝ።

ተቆጣጣሪዎ ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ሆነው አይተው፣ ሥራ ፈላጊ እንዲህ አይስቅም የሚል ማስታወሻ ጻፉ። መሥሪያ ቤትዎም ነገሩን መርምሮ፣ ድምፄ ሥራ ላይ ሳለ አካሌ በረንዳ ላይ መዝናናቱ ሊሆን የሚችለው የዓመት ፈቃድ ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ባለፈው ሰኞም ፈቃዴ ተሟጦ ማለቁንና ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ፀሐይ መሞቅ የማይፈቀድልኝ መሆኑን በደብዳቤ አስታወቀኝ። ፀሐይዋ ግን ግልባጩ ስላልደረሳት ነው መሰለኝ በማግስቱም መጣች።

ከቤት ብቆይ ደግሞ ሰላም አለኝ ብለው እንዳያስቡ። የምንኖረው ከመናኸሪያው ማዶ ስለሆነ ድምፄ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ይገባል። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ተነሣ፣ ቁም፣ በር ሦስት ግባ ስለው ውዬ ማታ ዳቦ ግዛ ብለው፣ አንቺ ሴት አንድ ፈረቃ አይበቃሽም ወይ ይለኛል። ልጄ ለራት ስጠራት፣ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ነው የሚነገረው ብላ ሁለተኛውን ጥሪ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አማቴማ፣ ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት የሚለው ተረት የተተረተው ለእርሳቸው ይመስል፣ ያቺ የመናኸሪያዋ ምራታቸው እባክዎና አመሰግናለሁ ማለት እንደምታውቅ፣ እኔም ከእርሷ ብማር መልካም እንደሆነ በየማለዳው ያሳስቡኛል። ሰው በገዛ ድምፁ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኔ ደም እስኪመስል ቀንቻለሁ።

፬. የመስኮት ሁለቱ ሠራተኛዎ በመጨረሻ አዝነውልኝ የሰጡኝን ምክርም ሳላነሣ አላልፍም። ችግሩ ድምፄን መስማታቸው እንደሆነ፣ ባይሰሙት ግን ሌላ ሰው ልሆን እንደምችል በሹክሹክታ ነገሩኝ። እኔም በማግስቱ አፌን ለጉሜ ቀርቤ ጉዳዬን በእጅ ምልክት አስረዳሁ። ደስ ብሏቸው ወዲያው መዘገቡኝ። ምን ብለው? መናገር የማትችል ብለው። ሆስፒታሉ የሚፈልገው ደግሞ ሰው የሚጠራ ሰው ነው! ኧረ በሕግ አምላክ ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴን ሲሰሙ እኔ መሆኔን አወቁና ምዝገባውን ሰረዙት፤ ይህንንም ያደረጉት በታላቅ ጨዋነት፣ ይቅርታ ጠይቀው ነው። የይቅርታው አባባል ከእኔ የተማሩት እንደሆነ አውቄዋለሁ።

፭. ይህንን ግን ያለ ቀልድ ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት ከበረንዳዬ ሆኜ የአንዲት እናት ጩኸት ሰማሁ። ሕፃን ልጇ በመናኸሪያው ግርግር መሀል ጠፍቶባታል። ቢጫ ሹራብ የለበሰ፣ አንድ እግሩ ጫማ የሌለው፣ ሲጠሩት የሚደበቅ የሚሉትን ቃላት በዚያች ስፖንጅ ክፍል ማንም አላስነበበኝምና ማሽኑ ምንም ሊላት አልቻለም፤ መልካም ጉዞ አላት። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወረድኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በገዛ ጉሮሮዬ፣ ሹራቡንም ጫማውንም ስሙንም እየጠራሁ ተጣራሁ። ሹፌሮቹ ሞተር አጠፉ፤ መጀመሪያ ያጠፋው ባለቤቴ ነው። ሕፃኑ ከሻንጣ ክምር ኋላ እየሳቀ ወጣ። እናቲቱ እጄን ይዛ አልለቅ ስትለኝ፣ በስንብቴ ዕለት ካለቀስኩት ይልቅ አለቀስኩ። ሆስፒታሉን የምፈልገው ለዚህ ነው። የታመመ ሰው ፈርቶ ሲቀመጥ ሰው በስሙ ሊጠራው ይገባል፤ የሰው ስም ደግሞ በዘጠና ዘጠኝ አያልቅም። ሥራውን እችለዋለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ባጣው ያንገበግበኛል።

ተቆጣጣሪዎ እንደ ዕድል ሆኖ እዚያው ቆመው ነበር። እርሳቸውም አልቅሰዋል፤ ይህን አልክድባቸውም። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን፣ ሠራተኛዋ ከመደበኛው በተጨማሪ የትርፍ ሰዓት ሥራ ስትሠራ በዓይናቸው ማየታቸውን ጻፉ።

፮. ስድስተኛው ቅሬታዬ አንድ እግር ስለሌለው የወረፋ ወንበርዎ ነበር። ይቅር፤ እኔም ጎደሎ ነኝና ተግባብተናል።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ከዓርብ በፊት ወይ እኔን ሥራ የላትም ብለው ይመዝግቡኝ፣ ወይ ድምፄን ከሥራው አስለቅቀው ወደ ጉሮሮዬ ይመልሱልኝ። ሁለቱም ካልተቻለ፣ ቢያንስ የበረንዳዬን ፈቃድ ያራዝሙልኝ። ሥራ የሌለውን ሰው ሥራ አለህ ብሎ የሚያሳምን መሥሪያ ቤት ከተገኘ፣ ሥራ አጥነት ከምድረ ገጽ የሚጠፋበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ታላቅ ግኝት ሳላመሰግንዎ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

ጥርሴን ነክሼም ቢሆን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ድምፅዋ በሥራ ገበታ፣ እርሷ በወረፋ ላይ ያለች፣
በራስዎ ማኅተም የተመሰከረላት አርአያ ሠራተኛና ሥራ ፈት

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ነገሩን በደግ ልጨርስ ብዬ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ ደውዬ ነበር። ወዲያው ራስዎ አነሡት፤ እጅግ በሚያምር ድምፅም ጉዳዬን በጥሞና እየሰሙ መሆኑን ነገሩኝ። ተመስገን ብዬ ስድስቱንም አንድ በአንድ ተረኩልዎ። ስጨርስ ጉዳዬን በጥሞና እየሰሙ መሆኑን ደግመው ነገሩኝ። ግራ ቢገባኝ ወደ ጸሐፊዎ ደወልኩ፤ እርሷም ኃላፊውን ድንገት ጉንፋን ቢይዛቸው ተብሎ በቅርቡ ድምፅዎ መቀዳቱን አበሰረችኝ። እንኳን ደስ አለዎ። ሥራ የለኝም ብለው ለመመዝገብ የሚመጡ ዕለት ግን እንዳይቀየሙኝ፤ ዛሬ ጠዋት በሥራ ገበታዎ ላይ እንደነበሩ ቀርቤ እመሰክርብዎታለሁ።