ስላልተፈታው የልጄ እጅ ክር

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ብሩክ
የአስከሬን ምርመራ ከፍተኛ ሐኪም
ሀዋሳ

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ባለፈው በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ጎርነን ብሎብኝ ጉንፋን እንዳይሆን ሰግቼ ነበር፤ በማግስቱ በቴሌቪዥን ሲሸለሙ ሳይ ግን ፊትዎ ወዝቷል፣ ተመስገን ብያለሁ። እኔ የታቦር ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ እርስዎንም ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል አስተምሬዎታለሁ። በሰኔ የሞተችውን ልጄን ብርቅዬን «በአጋጣሚ ውሃ ውስጥ ሰጥማ ሞተች» ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። በአደባባይ የምጽፍልዎት ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው።

በቅድሚያ የቆየ ምስጋና አለብኝ። ከሥልጠና በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት፣ «ራሷን ሰቀለች» ተብላ የተቀበረች የቤት ሠራተኛ አስከሬን እንዲወጣ አስደርገው፣ ፍርድ ቤት ቆመው «ይህች ልጅ በሰው እጅ ታንቃ ነው የሞተችው» ብለው ሲመሰክሩ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠሪዎቿ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ዛቱብዎት፣ አማላጅ ላኩብዎት፣ እርስዎ ግን ፍንክች አላሉም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስምዎን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ለተማሪዎቼ «ይህ ሰው እዚህ አግዳሚ ላይ ነበር የተቀመጠው» አልኳቸው። ያን ጊዜ በኩራት አልቅሻለሁ።

አሁን፣ ጊዜዎን ላለማባከን፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ. የአዲስ ከተማ ሰፈሩ ባጃጅ ሾፌር። ከሰዎች ጋር ተጣልቶ ተደብድቦ በማግስቱ ሲሞት እርስዎ «የልብ ሕመም» ብለው ጻፉ። ቤተሰቡ ለምኖ ሁለተኛ ሐኪም ሲያየው ሦስት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ተገኙ፤ እርስዎም «የሙያ አስተያየት ልዩነት ነው» አሉ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የተሰበረ አጥንት አስተያየት መሆኑን እኔ በሠላሳ አራት ዓመት መምህርነቴ አልደረስኩበትም ነበር። ያኔ ግን እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ የሞተው የሌላ ሰው ልጅ ነበርና።

2ኛ. የእኔ ልጅ። ብርቅዬን በቡሹሎ በኩል ሐይቁ ዳር ያገኟት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ለምርመራ የሚወስዳት መኪና እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ በዕድራችን ሬሳ የምትገንዘው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በባጃጅ ደረሰች። ልጄ ሰው ፊት ተገላልጣ መተኛቷን ስታይ አላስቻላትም፤ በወጉ መሠረት ሁለቱን የእጇን አውራ ጣቶች አጋጥማ በነጭ ክር አሰረች፣ በራሷም ነጠላ ጠቀለለቻት። እዚያ የቆመው ፖሊስ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን አዞረላት። ምርመራ የሚጠብቀውን አስከሬን መንካት እንደማይገባ ከመካከላችን ያሰበ የለም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አልክድም።

የብርቅዬ አስከሬን ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልታጥባት ነጠላውን ገለጠች። ክሩ እንደታሰረ ነበር። እሷ ክር ስታስር ሦስት ጊዜ ጠምዝዛ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያው ቋጠሮ ነበር፣ ጫፉም እንደተሸጎጠ። ሪፖርትዎ ግን «ሁለቱም መዳፎችና ጥፍሮች ተመርምረዋል፣ ጉዳት የለም» ይላል። «ደረትና ሆድ ተከፍቶ ታይቷል» ይላል፤ በልጄ ገላ ላይ ግን አንዲት ስፌት አልነበረችም። ክሩ ሲፈታ ሁለት ጥፍሮቿ ከሥራቸው ተነቅለው ተገኙ፤ አንገቷም ላይ የጣት ሰንበር ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ሐኪም ያየው ነገር ነው» ብላ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ግን ጥግ ይዛኝ «ጋሼ፣ ዶክተሩ ፈትቶ መልሶ እንደኔ አስሮት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እስቲ እርስዎ ይመልሱላት።

3ኛ. ሬዲዮው። «ቤተሰብ አስከሬን ነካክቶ መረጃ ያጠፋና ሐኪም ይወቅሳል» ብለዋል። ግሩም ብለዋል። በሪፖርትዎ መሠረት ፖሊስ መዝገቡን ዘጋ። በሞተችበት ሳምንት ስለ ባሏ «አባዬ፣ እፈራዋለሁ» ብላኝ ነበር፤ ያው ባሏ ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናዎት» አለኝ፤ እኔም ምንም ሳላውቅ «አሜን» አልኩት። በአርባዋ ማግስት ዕቃውን ጭኖ ከከተማ ወጣ። ያ «አሜን» እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። መቃብሯ ተከፍቶ ሌላ ሐኪም እንዲያያት ለፍርድ ቤት አቤት ብዬ ነበር፤ እርስዎ «አስፈላጊ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ያን ደብዳቤ ያንሱልኝ። የጠየቅኳቸው ሐኪሞች በታነቀ ሰው አንገት አጥንት ላይ ያለ ስብራት ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ይቆያል ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም፣ ክረምቱም በመቃብሯ ላይ አልፏል።

እጅዎ ከመፈረም እንዳይዝል፣ የሽልማት መስቀያ ግድግዳም እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ካስተማርኩዎት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ስለሰጡኝ እጅ የምነሳ፣

ኃይለሚካኤል
የሟች ብርቅዬ አባት፣ ከታቦር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የማያውቀው፣ እኔና እርስዎ ግን የምናውቀው ነገር ቀርቷል። ብርቅዬ ለምርመራ እርስዎ ዘንድ በነበረችበት ዕለት፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ የደወልኩልዎት እኔ ነኝ። «ብሩክ ልጄ፣ ድንኳኑ ሰው ሞልቷል፣ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተነግሯል፤ እባክህ ገላዋን አትቅደድብኝ፣ ቶሎ ልቀቅልኝ» አልኩህ። አንተም «እሺ ቲቸር» አልከኝ። ለእነዚያ ትልልቅ ሰዎች እንቢ ያልከው ሰው ለእኔ እሺ አልክ። ይህን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ጽፌ ለፍርድ ቤቱ አስገብቻለሁ፤ ቀጠሮው ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ቆሜ «ልጄን አታስነኩብኝ ብዬ የለመንኩ እኔ ነኝ» እላለሁ። አንተም ናና «አላየኋትም» በል።