ሰይጣን ሆኜ የተናገርኩ ቀን

ነሐሴ 20፣ ጠዋት

ስግደት። ዛሬም መቶ። አባባ በመቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ በጉልበቴ። ጥፋቴ፦ ጨው የተጠቀለለበትን የመጽሐፍ ገጽ አነበብኩ። ጨው እየላሰ የሚያነብ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣ አያ ደብተር።

አባባ ከአምስተኛ ክፍል ካስወጡኝ ሁለት ዓመት። መታወቂያ፣ ክትባት፣ የት/ቤት መዝገብ፣ ሁሉም የአውሬው ምልክት ነው ይላሉ። ቄሶቹ መታወቂያ አወጡ ብለው ከደብሩም ተለዩ። ከዚያ ወዲህ ጉና ላይ እኛና ድንቹ ብቻ።

አክስቴ ከደ/ታቦር በገበያተኛ ላከችብኝ፦ ምዝገባው እስከ መስከረም 10 ነው፣ ካርድሽን ይዘሽ ነይ። ካርዴ ድንች ከረጢት ሥር ነው። ካንተ ጋር።

ነሐሴ 23

ንባቤ የመንፈስ ነው ተባለ። እሁድ ምንጩ ጋ ሊያጠምቁኝ ነው። ራሳቸው።

ሐሳብ መጣልኝ! መንፈስ ሲያዝ ይለፈልፋል፣ ይሄን ካደረጋችሁ እለቃለሁ ይላል። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ላይ ያለው ቀይ ቀሚስ ጠይቆ ተገዝቶለታል። የኔስ ምን ይጠይቅ? ሳቄን በነጠላ አፈንኩት።

ነሐሴ 26

ተናገርኩ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ማን ነህ? አሉ። ድምፄን አወፈርኩ፦ «አንተ ሽማግሌ! ደብረ ታቦር ልከህ ካላስተማርካት አልለቃትም!»

አባቴን አንተ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ። እማ አፏን በእጇ ያዘች።

አባባ መቁጠሪያቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ፦ «ሰማችሁ? ራሱ መሰከረ! ቤቱ ት/ቤት ነው!»

በመቁጠሪያ። ቀጥሎ በከዘራ። ካርዴን እማ ፈልጋ አመጣች፣ ተቃጠለ። አንተን አላየችህም። ወይ አይታ ትታህ ይሆናል።

ለካ የቀይ ቀሚሷ ዛር ነበር። ዛርን ይለማመጡታል፤ ሰይጣንን ማን ይለማመጣል? ሞኝ! ምስክሩን በገዛ አፌ አቀበልኳቸው።

ነሐሴ 29

በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ጀርባስ ይድናል። ጥሩዬ፣ ታናሽ እህቴ፣ ሰባት ዓመቷ፣ አጠገቤ መተኛት ተወች። ስጠራት እማ ጉያ ትገባለች። ዛሬ ድንች ጉንጬ ውስጥ ወትፌ እንደ ድሮው ዓይኔን አፈጠጥኩላት። ድሮ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አማተበች።

መስከረም 5

ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ የድሮ ት/ቤቴ ደረስኩ። መምህሩ ሲያየኝ፦ «አንቺ! ወንበሬ ላይ ሳማ ያነጠፍሽው አይደለሽም?» ነኝ አልኩ። ሁሉን ነገርኩት፣ ሳልቀልድ። መዝገቡን ገለጠ፣ ስሜ አለ። በካርዴ ፈንታ ግልባጭ ጽፎ ማኅተም መታበት። ሳማውን ምሬሻለሁ፣ ብቻ ሂጂ አለኝ።

እንስራውን ባዶ ይዤ ልመለስ ነበር። ደግነቱ ትዝ አለኝ።

መስከረም 8

ለጥሩዬ ነገርኳት። ሰይጣን አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ፣ ድምፄን አወፍሬ። ጆሮዋ ሥር ቀስ ብዬ ደገምኩላት። ልትስቅ ጀመረች፣ ተወችው። ሲመቱሽ የጮኽሽውስ? አለች። እሱ የእውነት ነው አልኳት።

ጀርባዬን በአንድ ጣቷ ነካችው።

ነገ አባባ ጸሎት ሲይዙ እወጣለሁ፤ እሱንም ነግሬያታለሁ። ዳዊቱን ሳይጨርሱ መኪና መንገዱ ጋ እደርሳለሁ። ጥሩዬ ትነግራቸው ይሆናል፤ የሰባት ዓመት አፍ ወንፊት ነው። ብትነግርም አልፈርድባትም። እህቴን ሰይጣን ወሰዳት እያለች ከምታድግ፣ እኔ መንገድ ላይ ብያዝ ይሻለኛል።

እሄዳለሁ።